ከወንዙ ዳር ራቅ ብላ የቆመችው እኅት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ ያደረግሁት በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2 ከቁጥር 1 እስከ 10 ያለውን ታሪክ ነው። ታሪኩን ከሕፃንነታችን ጀምረን ስለ ሰማነው እናውቀዋለን ብለን እናልፈዋለን። ፈርዖን የዕብራውያን ወንዶች ልጆች ሁሉ ወደ ወንዝ እንዲጣሉ አዘዘ። አንዲት እናት ሕፃንዋን 3 ወር ሸሸገችው፤ ከዚያ በላይ መሸሸግ ባቃታት ጊዜ ከደንገል ሣጥን ሠርታ፣ ውኃ እንዳያስገባ ቀብታ፣ ልጅዋን ከውስጡ አስተኝታ በወንዙ ዳር አኖረችው። ደንገል ምን እንደ ሆነ ለእኛ ለፎገራ ልጆች ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ያው ተክል ነው። የሌላ አገር ሰባኪ ሥዕል ፈልጎ የሚያሳየውን እኛ ከናበጋ በታች ወርደን በዓይናችን እናየዋለን።

ስለዚህ ታሪክ ሲሰበክ ነገሩ ቶሎ ወደ ሙሴ ይሄዳል፤ ባሕር ወደ መክፈሉና ጽላት ወደ መቀበሉ ይሻገራል። እኔ ግን ዛሬ ባሕር ሳይከፈል፣ ጽላት ሳይሰጥ፣ ገና ጡት ከሚጠባው ሙሴ ዘንድ መቆየት እፈልጋለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማናያት አንዲት ሰው አለች። ይህችውም የሕፃኑ እኅት ናት። በዚያ ምዕራፍ ስምዋ እንኳ አልተጻፈም። ምን እንደሚደርስበት ለማየት ከሩቅ ቆመች ይላል እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አይነግረንም። በዕድሜ ከእናንተ ከብዙዎቻችሁ የምትበልጥ አይመስለኝም።

የንጉሡ ልጅ ሣጥኑን ከፍታ ሕፃኑን ሲያለቅስ ባየችው ጊዜ አዘነችለት። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ርኅራኄ መጣ፤ ግን ርኅራኄ ብቻውን የተራበ ሕፃን አያጠባም። በቤተ መንግሥት ላምም ፍየልም፣ ማርም ወተትም እንደማይጠፋ የታወቀ ነው። ያቺ ልጃገረድ ግን ቀርባ የጠየቀችው፣ ሕፃኑን የምታጠባ ሴት ጠርቼ ላምጣልሽን ብላ ነው። ያመጣችውም የገዛ እናቱን ነው። የንጉሡም ልጅ ለእናቲቱ ደመወዝ ቆረጠችላት። እንግዲህ ከውኃ ለወጣው ሕፃን የተሰጠው የመጀመሪያው እርዳታ በእናቱ በኩል ያለፈ እርዳታ ነበር። እናትየዋ ደመወዝ አገኘች፣ በላች፣ ልጅዋንም አጠባች። ሌላው የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልምጣ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው አፈራችንን ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ሜዳችን ላይ ሲደርሱ መሬቱ እንደ ገበታ ዝርግ ስለ ሆነ ፍጥነታቸው ይደክማል። ጣናም በክረምት መጨረሻ ሞልቶ ስለሚጠብቃቸው ውኃው መሄጃ ያጣል። ስለዚህ ናበጋ፣ ዋገጠራ፣ ቅድስት ሐና፣ ሺና የተባሉት ቀበሌዎች በየጊዜው ይጠልቃሉ። ይህ ውኃ ጠላት ብቻ አይደለም። ጥቁሩን አፈር ያመጣልን፣ የፎገራን ከብት በወተትዋ ያስመሰገናት ሣር ያበቀለው፣ ሩዝ እንድናመርት ያስቻለንም እርሱ ነው። ጎረቤታችን ነው እንበል፤ ሲቈጣ ግን አይቻልም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት የተቈጣውን ታላላቆቻችን አይረሱትም። ያ ክረምት በአገራችን በብዙ ቦታ የመከራ ክረምት ነበር። በድሬዳዋ በአንድ ሌሊት ደራሽ ውኃ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በታችኛው ኦሞም ከ300 በላይ ሰዎች አለቁ። በእኛ በኩል በነሐሴና በመስከረም ፎገራ፣ ሊቦ ከምከም፣ ደንቢያ በውኃ ተጥለቀለቁ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱንና እህሉን ትቶ ወደ ከፍታ ቦታ፣ ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ድንኳን ወጣ። በርብ ላይ ግድብ ከተሠራ በኋላም በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሜዳው እንደገና ተጥለቅልቆ ብዙ ቤተ ሰብ ተፈናቅሏል። ስለዚህ ነገሩ ያለፈ ታሪክ ነው ብለን የምንተወው አይደለም።

ውኃ የሚገድለው በሚያሰጥምበት ቀን ብቻ አይደለም። እንዲያውም በእኛ ሜዳ ውኃው ቀስ ብሎ ስለሚወጣ የሚሰጥመው ሰው ጥቂት ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው በኋላ፣ ሰው ሁሉ ተረፍን ብሎ እፎይ ባለበት ሰዓት ነው። መጸዳጃው ከጉድጓዱ ውኃ ጋር ይቀላቀላል፤ ተቅማጥ ይነሣል። ውኃው ሲሸሽ በየጐድጓዳው የቀረው ኩሬ ትንኝ ያፈላል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል። ጎተራው ስለ ረጠበ እህሉ ይሻግታል። ከብቱ ወደ ሩቅ ግጦሽ ስለሚነዳ ወይም ስለሚሸጥ ወተት ከቤት ይጠፋል። ይህ ሁሉ ሲደራረብ መጀመሪያ የሚወድቁት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ናቸው። ረኀብና በሽታ ተረዳድተው ነው የሚሠሩት፤ የከሳ ልጅ በቶሎ ይታመማል፣ የታመመ ልጅ ደግሞ አይበላም፣ ስለዚህ የበለጠ ይከሳል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ የካላዛር በሽታ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ይህን በግልጥ አይተናል፤ ወባ ነው እየተባለ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው የታወቀው፤ አጥብቆ የያዘውም ቀድሞ በረኀብ የደከመውን ሰው ነበር።

ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ ራሳችን ጥፋት ስለ ሆነ ትንሽ ያሳፍራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎርፍ በመጣ ጊዜ እኔ የነበርሁበት አንድ የወጣቶች ማኅበር (ስሙን አልጠራም) ለተፈናቃዮች እርዳታ ልሰብስብ ብሎ ተነሣ። ልባችን ንጹሕ ነበር። ከሱቅ ወደ ሱቅ ዞርን፤ ከሰበሰብነው ገንዘብ የሚበልጠውን የዱቄት ወተትና ጡጦ ገዛንበት። ሕፃናት ተርበዋል ሲባል ወደ ልባችን የመጣው ወተት ነበርና። ተሸክመን ሄደን ማከፋፈል ጀመርን። እናቶቹም አመሰገኑን፤ አንዲት አሮጊት ግን የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው፣ «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ ግን ይኼን በምን ውኃ ልበጥብጠው?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በድንኳኖቹ አጠገብ የነበረው ውኃ ከጎርፉ የቀረ ድፍርስ ውኃ ነው፤ ማገዶው ረጥቧል፤ ጡጦ የሚቀቀልበት ድስት የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደርሳ ባየችን ጊዜ አልተቈጣችንም። «ወንድሞቼ፣ የቀረውን መልሱት» ብቻ ነው ያለችን። ከዚያ በኋላ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን።

ያስረዳችንም ይህን ነው። ከተወለደ እስከ 6 ወሩ ድረስ ሕፃን ከእናቱ ጡት በቀር ምንም አያስፈልገውም፤ ውኃ እንኳ አያስፈልገውም። ጡት ንጹሕ ነው፣ ሙቀቱ የተመጠነ ነው፣ ከበሽታ የሚከላከል ኃይል በውስጡ አለው፣ ማገዶ አይፈልግም። ጡጦ የለመደ ሕፃን ግን ጡት መሳብ ይቀንሳል፤ በተሳበው መጠን የሚመረተው የእናት ወተትም እየቀነሰ ይሄዳል። የተሰጠው ቆርቆሮ ባለቀ ጊዜ ሕፃኑ ጡቱንም ዱቄቱንም አጥቶ ይቀራል። በቆሸሸ ውኃ የተበጠበጠው ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል። የዓለም ጤና ጉባኤ በግንቦት 1973 ዓ.ም. የእናትን ጡት የሚተኩ ወተቶች እንደ ልብ እንዳይታደሉና በማስታወቂያ እንዳይስፋፉ ደንብ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ይህን ሳናውቅ በበጎ ፈቃድ ብቻ ተነሥተን ነበር። እናቱ የሌለችው ወይም ጨርሶ ማጥባት የማትችል እናት ያለችው ሕፃን ሲገኝ ለእርሱ ጤና ጣቢያው የሚያደርገው ልዩ ክትትል አለ፤ በጅምላ የሚታደል ነገር ግን አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚነገር ሌላም ነገር አለ፤ የደነገጠች እናት ወተትዋ ይነጥፋል ይባላል። እውነት ነው፣ ድንጋጤ ወተቱ ለጊዜው ቶሎ እንዳይወርድ ሊያደርግ ይችላል፤ ወተቱን ግን አያጠፋውም። የሚያስፈልጋት ዕረፍት፣ ከሰው ዓይን ከለል ያለ ቦታ፣ ምግብና ውኃ፣ ሕፃኑንም ደጋግሞ ማስጠባት ነው። እንግዲህ በአንድ ድንኳን ውስጥ ብዙ ቤተ ሰብ ሲታጐር፣ ወንዶች እየተመላለሱ እርስዋ ጡትዋን ለማውጣት ስትሳቀቅ፣ አንድ ነጠላ በገመድ ወጥሮ ጥግ መከለል ምን ያህል ነገር እንደ ሆነ አስቡት። እኛ ያን ቀን በዱቄት ወተት ፋንታ ገመድና ነጠላ ይዘን ሄደን ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

አራስዋንም አንርሳ። ጎርፍ አራስና ነፍሰ ጡር ብሎ አይለይም። ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ሊይዝ ይገባል። በእኛ አገር ግን የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት፣ እንገሩን፣ ቆሻሻ ነው ብለው አልበው ይደፉትና ለሕፃኑ ቅቤ ያስልሱታል። ይህ የአባቶች ሥርዓት አይደለም፤ ልማድ ብቻ ነው። እንገር የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት ነው ቢባል ይገባዋል።

ስለ እናቲቱ ምግብ ደግሞ ወደ ፈርዖን ልጅ ደመወዝ እመለሳለሁ። ነፍሰ ጡር ከወትሮው ሌላ በቀን 1 ጊዜ፣ የምታጠባ ደግሞ 2 ጊዜ ጨምራ መመገብ ይገባታል ይላሉ ሐኪሞች። በቤታችን ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ አባወራውና እንግዳው ይበላሉ፤ ቀጥሎ ልጆች፤ እናት ከመሶቡ የተረፈውን ትበላለች። በደኅናው ጊዜ ይህ ይሸፈን ይሆናል፤ በጎርፍ ጊዜ ግን የሚተርፍ የለም። እርዳታ ሲመጣም እንደዚሁ ነው። በአገራችን የተለመደው የእርዳታ መጠን ለአንድ ሰው ለአንድ ወር 15 ኪሎ እህል፣ 1 ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ለእናቶችና ለሕፃናት ተብሎ አልሚ ዱቄት ሲጨመር ለቤቱ ሁሉ ይበጠበጣል፤ ወይም ይሸጣል። የቤቱ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሁሉም ተርቧል። ቢሆንም ያ ዱቄት የማን እንደ ሆነ ለአባቶች በአክብሮት የሚነግር ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ከእኛ ወንዶቹ ብንናገረው የተሻለ ይሰማል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ስለ ጾም ልናገር ነውና ታገሡኝ። በሜዳችን ጎርፉ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በነሐሴ ነው፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ነው። ፍልሰታን ሕፃናት እንኳ እንዴት እንደሚወዱት እናውቃለን፤ ቅዳሴ እስኪወጣ ሳይበሉ ይቆያሉ፣ ይቈርባሉ፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ጾም የቤተ ክርስቲያናችን ጌጥ ነው፤ በዚህ ላይ አንድ ቃል ልናገር አልደፍርም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን የታመመውን፣ ነፍሰ ጡርዋንና የምታጠባይቱን፣ ከ7 ዓመት በታች የሆነውንም ሕፃን ጹሙ ብላ አታስጨንቅም። ይህን ብዙ እናቶች አያውቁም፤ የሚያውቁትም ሰው ምን ይለኛል ብለው ይጾማሉ። በድንኳን ውስጥ ያለች እናት፣ ቤትዋ በውኃ የተወሰደባት፣ ይህ የመጣው በኃጢአቴ ነው ብላ ጭራሽ ጾሙን ታጠብቃለች። ለሕፃኑም እንቁላል ወይም ወተት ቢገኝ ድስቱ ይረክሳል ተብሎ ይተዋል።

እኛ ወጣቶች አፍርሱ ብለን መስበክ አይገባንም፤ ሥልጣኑም የለንም። የምንችለው አንድ ነገር ነው፤ የንስሐ አባትዋን ፈልገን ወደ ድንኳንዋ ማምጣት። ካህኑ ከፍ ባለ ድምፅ፣ ጎረቤቶችዋ ሁሉ እየሰሙ፣ «ልጄ፣ አንቺ ብዪ፤ ሕፃኑንም አብዪው» ቢሏት ከአንድ ኩንታል ስንዴ የሚበልጥ እርዳታ ነው። ለሕፃናትዋ የተለየች አንዲት ትንሽ ድስት ደግሞ ከየቤታችን አይጠፋም።

ከ6 ወር በኋላ ሕፃኑ ከጡት ሌላ ምግብ ያስፈልገዋል፤ ጡቱ ግን እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። ቀጭን ሙቅ ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም፤ ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ ወፍራም ይሁን። የእኛ ሩዝ ጥሩ እህል ነው፤ ግን ነጭ ሩዝ ብቻውን ሕፃን አያሳድግም፤ የሽምብራ ወይም የባቄላ ዱቄት፣ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ፣ ከተገኘም እንቁላል ይጨመርበት። በ1960ዎቹ አገራችን ከስዊድን ጋር ተረዳድታ ፋፋን ስትሠራ መሠረቱ ይኸው ነበር፤ እህልና ጥራጥሬን ማዋሐድ። ጣና አጠገባችን ሆኖ ለሕፃናት ዓሣ አለማቅመሳችንም ይገርመኛል። እሾሁ በጥንቃቄ ተለቅሞ ሥጋው ደቅቆ ከገንፎ ጋር ቢሰጥ ምን ነበረበት?

አንድ ማስጠንቀቂያ ስለ ጓያ። ውኃው ሲሸሽ በቀረው ርጥበት የሚዘራው፣ ሌላው ሁሉ ሲከዳ የማይከዳው ጓያ ነው። በደኅና ጊዜ ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ይበላል። እህል በጠፋበት ዓመት ግን ለወራት ጓያ ብቻ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፤ በተለይ ወጣት ወንዶችን ይጐዳል፤ የተያዘም እግር አይመለስም። በደንቢያና በፎገራ በዱላ የሚሄዱ ሰዎች የተገኙት በዚህ ነው። ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል፣ ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ጉዳቱን ይቀንሰዋል።

ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጡት አይከልከል። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን ቅመም 1 ፓኮ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል። ፓኮው ከሌለ 1 ሊትር ውኃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ጨው ከበዛ ይጐዳልና ቀምሶ ከእንባ የማይብስ መሆኑን ማየት ነው። ውኃው ይፈላ፤ ማገዶ ከሌለ እንደ ውኃ አጋር ያለው ማከሚያ ይጨመርበት። አጐበር ከተገኘ መጀመሪያ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ይተኙበት። የኩፍኝ ክትባትም አይዘግይ፤ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ በየመጠለያው ከረኀቡ ጋር ተባብረው ሕፃናትን የጨረሱት ኩፍኝና ተቅማጥ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ እኛ ሐኪሞች አይደለንም፣ ምን እናድርግ የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የሙሴም እኅት ሐኪም አልነበረችም። ከሩቅ ቆማ አየች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ወደምትረዳው ሮጠች። ማየት ደግሞ ትምህርት ይፈልጋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ሕፃን የግራ ክንዱ መካከል በመለኪያ ክር ሲለካ ከ11 ሳንቲ ሜትር ተኩል በታች ከሆነ ክሩ ቀዩን ያሳያል፤ ያ ልጅ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ነገ አይባልም። ከ12 ሳንቲ ሜትር ተኩል በታችም ቢሆን ይነገር። ሁለቱ እግሮቹ ያበጡ እንደ ሆነ በአውራ ጣት ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ ሲለቀቅ ጉድጓድ የሚቀር ከሆነ፣ ወፍራም ቢመስልም እንኳ ከሁሉ የባሰ ታማሚ እርሱ ነው። ዱሮ እንዲህ ያለ ልጅ ሁሉ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር የሚታከመው፤ በደቡብ በባደዋቾ ወረዳ በቤት ሆኖ በአልሚ ምግብ መዳን እንደሚቻል ተሞክሮ ከታየ ወዲህ ግን ሌላ ሕመም የሌለበትና የሚበላ ልጅ ከእናቱ ጋር እቤቱ ሆኖ ይታከማል። ይህ ሕክምና ለዓለም የተረፈው ከእኛው አገር ነው። የሚቸግረው ልጁን የሚያይ ሰው ማጣት ነው።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ በየቀበሌው ማን ነፍሰ ጡር እንደ ሆነች፣ ማን አራስ እንደ ሆነች፣ የማን ልጅ ገና ጡት ላይ እንዳለ በአንድ ደብተር እንድንጽፍ አሳብ አቅርቤአለሁ። የዋገጠራንና የናበጋን እኅቶች እንዲጽፉ፣ የቅድስት ሐናንና የሺናን ደግሞ እዚያ ዘመድ ያላቸው ወንድሞች እንዲጽፉ ተስማምተናል። ለንስሐ አባቶች የሚናገሩ 3 ወጣቶች ገና አልተመረጡም። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክንድ መለኪያውን ክር ይዛ መጥታ በአዳራሹ ታሳየናለች፤ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያላችሁ ለልምምዱ ይዛችኋቸው ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።